በጥድፊያ የተወረወረ ኳስና የችኮላ ፍርድ

አንድ ወጣት በብዙ ሕዝብ ፊት፣ በጭንቅ ሰዓት፣ የተሰጠውን ሥራ ሳይፈጽም ቢቀር ያየነው ነገር ስለ እርሱ ምን ያህል ይነግረናል? ይህ ጥያቄ በየቤታችን፣ በየትምህርት ቤቱና በየትምህርተ ክርስቶስ ክፍሉ ዘወትር መልስ የምንሰጥበት ጥያቄ ነው፤ መልሱንም የምንሰጠው አብዛኛውን ጊዜ ሳናስብበት ነው። በዚህ ጽሑፍ የምንመረምረው ለብዙዎቻችን እንግዳ በሆነ ምሳሌ፣ ይኸውም በአሜሪካኖች የፉትቦል ጨዋታና በደጋፊዎቹ ክርክር አማካይነት ነው። በዋሽንግተን፣ በዳላስና በሲያትል የሚኖሩ ዘመዶቻችን ልጆች ይህን ጨዋታ እያዩ ያድጋሉና ምሳሌው ጨርሶ ከእኛ የራቀ አይደለም። የተመረጠበት ዋናው ምክንያት ግን በዚያ ጨዋታ ውስጥ ጭንቅ የሚባለው ነገር በሰከንድ ተለክቶ፣ በቍጥርም ተመዝግቦ ስለሚገኝ ነው።

አሜሪካኖች ፉትቦል የሚሉት ጨዋታ እኛ ከምናውቀው እግር ኳስ ጋር ከስሙ በቀር የሚያገናኘው ጥቂት ነው። ኳሱ ሞላላ ነው፤ ጨዋታውም በአብዛኛው በእጅ ነው። በአንድ ወገን ከሚሰለፉት አሥራ አንድ ተጫዋቾች መካከል አንዱ ኳርተርባክ ይባላል። ቡድኑ ለማጥቃት በተነሣ ቍጥር ኳሱ ወደዚህ ሰው እጅ ይመጣል። ከፊቱ አምስት ግዙፋን ጓደኞቹ እንደ አጥር ቆመው የተቃራኒውን ቡድን ሰዎች ይገታሉ፤ እርሱም ከአጥሩ በስተኋላ ሆኖ ወደ ፊት የሚሮጡትን ተቀባዮች አንድ በአንድ ይመለከታል፣ ከመካከላቸው ማን ነጻ እንደ ሆነ ይለያል፣ ይወረውራልም። ለዚህ ሁሉ የሚያገኘው ጊዜ ብዙውን ጊዜ ሁለት ሰከንድ ተኩል ወይም ሦስት ሰከንድ ቢሆን ነው። አጥሩ ከጸና ረጋ ብሎ ይወረውራል። አጥሩ ከተጣሰ ግን ከመቶ ኪሎ በላይ የሚመዝኑ ሰዎች በሙሉ ኃይላቸው እየሮጡ ይመጡበታል፤ እርሱም ዓይኑን ከሚመጡበት ሰዎች አንሥቶ በሩቅ ካለው ጓደኛው ላይ ማሳረፍ ይኖርበታል። በእነርሱ ቋንቋ «ፕሬሸር» የሚሉት ይህንን ነው፤ እኛ ጭንቅ እንበለው።

አዲስ ወጣት ኳርተርባክ ወደ አንድ ከተማ ቡድን በመጣ ጊዜ ክርክሩ ይጀመራል። አንዱ ደጋፊ «ክንዱ ብርቱ ነው፤ ቀስ በቀስ ይማራል» ይላል። ሌላው «ሰው ሲመጣበት እግሩ ይርበደበዳል፤ ይህ ደግሞ በትምህርት የሚገኝ ነገር አይደለም» ሲል ይመልሳል። ሦስተኛው ጥፋቱን ወደ አጥሩ፣ አራተኛው ወደ አሠልጣኙ ይወስደዋል። ክርክሩ በምግብ ገበታ፣ በሥራ ቦታና በሬዲዮ ይቀጥላል። ቍጥር ዐዋቂዎችም ይገቡበታል፤ ወጣቱ በጸጥታ የወረወራቸውንና በጭንቅ የወረወራቸውን ለይተው ይቈጥራሉ። እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ ይሏል። በጭንቅ የሚደረጉት ሙከራዎች ከጠቅላላው ሲሶ ያህል ብቻ ስለ ሆኑ የአንድ ዓመቱ ቍጥር አነስተኛ ነው፤ ስለዚህም ከዓመት ወደ ዓመት ወዲያና ወዲህ ይዋዥቃል። ሰው ሁሉ የሚከራከርበት ቍጥር እምነት የሚጣልበት እጅግ ጥቂት መሆኑ የሚያስገርም ነው።

እንዲህ ያለውን ክርክር ከንቱ ነው ብሎ ማለፍ ግን አይገባም። ደጋፊው የሚከራከረው ስለሚወድ ነው፤ በክርክሩም ውስጥ እውነተኛ የፍልስፍና ጥያቄ ተሸሽጓል። ችሎታ ምንድር ነው? ከተፈጥሮ ነው ወይስ ከልምምድ? በጭንቅ ጊዜ የሚታየንስ እውነተኛው ሰው ነው ወይስ የታወከው ሰው?

ነገሩን በአንድ ሰው ታሪክ እንመልከተው። ጆሽ አለን በካሊፎርኒያ ፋየርቦ በምትባል አነስተኛ ከተማ፣ በእርሻ ላይ ያደገ ወጣት ነው። ሁለተኛ ደረጃ ትምህርቱን ሲጨርስ የፈለገው ታላቅ ዩኒቨርሲቲ አልነበረም፤ በአካባቢው በሚገኝ የሁለት ዓመት ኮሌጅ ተጫውቶ ከዚያ በኋላ ወደ ዋዮሚንግ ዩኒቨርሲቲ ገባ። እ.ኤ.አ. በ2018 ዓ.ም. በፋሎ ቢልስ የተባለው ቡድን ከአገሪቱ ወጣት ተጫዋቾች መካከል በ7ኛ ተራ መርጦ ወሰደው። ክንዱ እጅግ ብርቱ መሆኑን ማንም አልካደም። ክርክሩ ስለ ትክክለኛነቱ ነበር፤ በዩኒቨርሲቲ ሳለ ከወረወራቸው ኳሶች ወደ ጓደኞቹ እጅ የደረሱት ከመቶ 56 ያህል ብቻ ነበሩና። ብዙ ዐዋቂዎች «ትክክለኛነት አይማሩትም፤ ወይ አለ፣ ወይ የለም» የሚለውን የቈየ አባባል ጠቅሰው ምርጫውን ነቀፉ።

የመጀመሪያው ዓመት ነቃፊዎቹን የሚደግፍ መሰለ። ከወረወራቸው የደረሱለት ከመቶ 52.8 ሆኑ፤ ይህም በዚያ ዓመት በቋሚነት ከተሰለፉት መሰሎቹ ዘንድ ከዝቅተኞቹ አንዱ ነበር። 10 ነጥብ የሚያስገኙ ኳሶችን ሲያደርስ 12 ኳሶች በተቃራኒ ቡድን ተጠለፉበት። በሁለተኛው ዓመት ወደ 58.8 ከፍ አለ። ሆኖም እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 4 ቀን 2020 ዓ.ም. በሂዩስተን በተደረገው የጥሎ ማለፍ ግጥሚያ ቡድኑ 16 ለ 0 ሲመራ ቈይቶ በተጨማሪ ሰዓት 22 ለ 19 ተሸነፈ። በዚያ ግጥሚያ መጨረሻ ላይ ወጣቱ በተከላካዮች ተይዞ ሊወድቅ ሲል ኳሱን ለጓደኛው ሊያቀብል ያለ ማስተዋል ወረወረው፤ ሕዝብም ይህን ደጋግሞ አየው፤ ብዙዎችም «እንግዲህ አየነው፤ በጭንቅ ጊዜ ይኸው ነው» አሉ። (በዚያው ግጥሚያ መጀመሪያ ላይ ራሱ ኳስ ተቀብሎ ነጥብ ማስቈጠሩን ግን ያነሣ ጥቂት ነው።)

በሦስተኛው ዓመት ያው ወጣት ከወረወራቸው ከመቶ 69.2 ደረሱለት፤ 37 ነጥብ የሚያስገኙ ኳሶችን ሲያደርስ የተጠለፉበት 10 ብቻ ሆኑ። በ2024ቱ የውድድር ዘመንም የጠቅላላው ማኅበር ምርጥ ተጫዋች ተብሎ ተሸለመ።

ምን ተለወጠ? በየዓመቱ ግጥሚያ በማይደረግበት ወራት ከጆርዳን ፓልመር፣ ከአንድ የውርወራ አስተማሪ ጋር ሆኖ የእግሩን አቋምና የወገቡን አዟዟር እንደ ገና ከመጀመሪያ ተማረ። እ.ኤ.አ. በ2020 ዓ.ም. ስቴፎን ዲግስ የተባለ እጅግ የተዋጣለት ተቀባይ ወደ ቡድኑ መጣ። አሠልጣኙ ለወጣቱ የሚስማማ አጨዋወት አወጣ። ዕድሜም ጨመረ። እነዚህን ለያይቶ ይህኛው ይህን ያህል ሠራ ማለት ለማንም አይቻልም፤ በአንድ ሰው እጅ ላይ የሚታየው ሥራ የብዙዎች ሥራ ነውና። በዚህ ጊዜ ደግሞ ሌላ ዓይነት ሰው ተነሣ፤ ይኸውም «እኔ ከመጀመሪያው ዐውቄው ነበር» የሚል ነው። እርሱና ያ ነቃፊ የሚለያዩ ይመስላሉ እንጂ አንድ ናቸው። ሁለቱም ችሎታ ከመጀመሪያው በወጣቱ ውስጥ ተቀምጦ የሚገኝ ወይም የማይገኝ ዕቃ ነው ብለው ያምናሉ፤ በመካከል የተደከመበትን ድካም ሁለቱም አያዩትም።

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንምጣ። ደጋፊው «ዛሬ ከወረወራቸው ኳሶች እኩሌታው አልደረሱም» ቢል ያየውን ተናግሯል። «ሲጨነቅ እግሩን ሳያስተካክል ይወረውራል» ቢልም ጨዋታውን የሚያውቅ ሰው የሚሰጠው የሙያ አስተያየት ነው። አናጺ የሌላውን አናጺ በር «ጠማማ ነው» ቢል ኃጢአት እንደማይሆንበት ሁሉ ይህም ኃጢአት አይሆንም። እ.ኤ.አ. በ1992 ዓ.ም. የወጣው የካቶሊካዊት ቤተ ክርስቲያን ትምህርተ ክርስቶስ ስለ ችኮላ ፍርድ ሲያስተምር (ቍ. 2477) የሚናገረው በቂ መሠረት ሳይኖር የባልንጀራን የምግባር ጉድለት እንደ እውነት ስለ መቀበል ነው፤ ይህንንም በልብ ብቻ ያደረገው ሰው ከጥፋቱ ነጻ አይሆንም። እንግዲህ የሰውን ክንድ መመዘን አንድ ነገር ነው፤ ልቡን መመዘን ሌላ ነው። ነገር ግን የደጋፊዎችን ንግግር ቀረብ ብሎ ያዳመጠ ሰው ድንበሩ በአንድ ትንፋሽ ሲጣስ ይሰማል። «ኳሱ አልደረሰም» የተባለው «አይችልም» ይሆናል፤ «አይችልም» የተባለው ደግሞ «ፈሪ ነው»፣ «ልብ የለውም»፣ «ገንዘቡን በልቶ ተኛ» ይሆናል። ከክንድ ተነሥቶ ወደ ነፍስ የተሻገረበትን ስፍራ ተናጋሪው ራሱ አያስተውለውም።

ቅዱስ ቶማስ አኩዊናስ ሱማ ቴዎሎጂካ በተባለው ታላቅ የነገረ መለኮት ድርሳኑ ስለ ፍርድ ሲያስተምር፣ ፍርድ የተገባ ይሆን ዘንድ ከፍትሕ ዝንባሌ መመንጨት፣ ሥልጣን ካለው ሰው መውጣት፣ በአስተዋይነት በተረጋገጠ ነገርም ላይ መቆም አለበት ይላል። ከእነዚህ አንዱ ቢጐድል ፍርዱ ዓመፅ፣ ወይም የሌላውን ሥልጣን መንጠቅ፣ ወይም የጥርጣሬ ፍርድ ይሆናል። ይህን በደጋፊው ላይ እናውለው። ቡድኑ በተሸነፈበት ምሽት፣ ምናልባትም ገንዘብ አስይዞ በተቈጣበት ሰዓት፣ የሚናገረው ነገር ከፍትሕ ዝንባሌ ይመነጫል ለማለት ያስቸግራል። ወጣቱን የማሰለፍና የማስቀመጥ ሥልጣን የአሠልጣኙ ነው። ከሁሉም የሚያንሰው ግን እርግጠኝነቱ ነው። ደጋፊው በቴሌቪዥን የሚያየው ካሜራ ያሳየውን ብቻ ነው። አሠልጣኙ የትኛውን አጨዋወት እንዳዘዘ፣ የትኛው ተቀባይ መታጠፍ በሚገባው ቦታ ሳይታጠፍ እንደ ቀረ፣ ከአጥሩ ማን ቦታውን እንደ ለቀቀ አያውቅም። ባዶ ሜዳ ላይ የወደቀ ኳስ ያያል፤ ኳሱ የወደቀው ጓደኛው ሊገኝበት ይገባ በነበረው ቦታ ላይ ሊሆን ይችላል። እንዲህ ያለው ፍርድ ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ ነው።

ይሁን እንጂ ደጋፊው የሚመልሰው አንድ ጽኑ መልስ አለው። «የሰው እውነተኛ ማንነት የሚታየው በጭንቅ ጊዜ አይደለምን? በጸጥታ ጊዜማ ሁሉም ይወረውራል» ይለናል። ይህን መልስ በቀላሉ ማለፍ አይቻልም፤ ጥንታውያን ሊቃውንትም ወደዚህ የቀረበ ነገር ተናግረዋልና። አርስጣጣሊስ በሥነ ምግባር መጽሐፉ አስቀድሞ በታወቀ አደጋ ፊት ከመጽናት ይልቅ በድንገተኛ አደጋ ፊት መጽናት የበለጠ የጀግንነት ምልክት መሆኑን ይገልጻል፤ አስቀድሞ የታወቀውን አስበንና አስልተን ልንመርጠው እንችላለን፤ በድንገት የመጣብንን የምንቀበለው ግን በውስጣችን በሰረጸው ልማድ ነው። ቅዱስ ቶማስም ስለ ጽናት በጻፈው ክፍል ይህንኑ ጥያቄ አንሥቶ፣ ጽኑ ሰው ሊመጣ የሚችለውን መከራ አስቀድሞ ማሰብ እንደሚገባው ካስረዳ በኋላ፣ የጽናት ልማድ መኖሩ ይበልጥ የሚገለጠው በድንገተኛው ነገር መሆኑን ይቀበላል።

እንግዲህ ደጋፊው ትክክል ነውን? እኩል ትክክል ነው። ድንገተኛው ነገር የሚገልጠው ልማድን ነው፤ ልማድ ደግሞ በተደጋገመ ሥራ የሚገኝ ነገር ነው፤ ከእናት ማኅፀን ይዘነው አንወጣም። ስለዚህ በጭንቅ ጊዜ ያየነው ውርወራ ያ ወጣት እስከ ዛሬ ድረስ ምን እንደ ለመደ ይነግረናል። ነገ ምን ሊለምድ እንደሚችል አይነግረንም፤ ፈሪ ወይም ጐበዝ መሆኑን ከዚያም ባነሰ መጠን ይነግረናል። «ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል» ይላሉ አበው። አባባሉ የሚወቅሰው አስታጠቁን ነው፤ ሯጩ ቆሞ፣ ረጋ ብሎ፣ አጥብቆ ቢታጠቅ ኖሮ መቀነቱ አይፈታም ነበር። የጆሽ አለን ነገርም እንዲሁ ነው። ሰው ሲመጣበት እግሩን መትከል ትቶ በክንዱ ብርታት ብቻ ይወረውር የነበረው ሰውነቱ አስቀድሞ የለመደው ይህንኑ ስለ ነበረ ነው፤ በተጨነቀ ጊዜ ሰውነት ወደ ቀድሞው ልማድ ይሸሻልና። ይህን የለወጠው በሕዝብ ፊት የተደረገ የልብ ጀግንነት አልነበረም። ተመልካች በሌለበት ሜዳ፣ የሚሮጥበት ሰው ሳይኖር፣ አንድን እርምጃ እልፍ ጊዜ መደጋገም ነበር። ጸሎትን በደኅናው ቀን ያልለመደ ሰው በመከራው ሰዓት ቃል የሚያጣውም ስለዚሁ ነው።

ደግሞም ልማዱ ከተገኘ በኋላ እንኳ ውጤቱ ሁልጊዜ አይመሰክርለትም። እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 23 ቀን 2022 ዓ.ም. በካንሳስ ሲቲ በተደረገው የጥሎ ማለፍ ግጥሚያ ጆሽ አለን 4 ነጥብ የሚያስገኙ ኳሶችን አደረሰ፤ የመጨረሻውን ያደረሰው 13 ሰከንድ ሲቀር ነበር፤ ቡድኑም መሪ ሆነ። በዚያች 13 ሰከንድ ውስጥ ግን ተቃራኒው ቡድን አቻ ሆነ፤ ለተጨማሪው ሰዓት ዕጣ ሲጣል ኳሱ ለካንሳስ ሲቲ ወጣ፤ እነርሱም ነጥብ ስላስቈጠሩ ግጥሚያው 42 ለ 36 አለቀ። አለን በተጨማሪው ሰዓት ኳሱን በእጁ ሳይነካ ተሸነፈ። ማኅበሩ በዚያው ዓመት የጥሎ ማለፉን ሕግ አሻሽሎ ሁለቱም ቡድኖች ኳስ የሚያገኙበትን መንገድ አበጀ። በሂዩስተንም ተሸንፎ ነበር፣ በካንሳስ ሲቲም ተሸነፈ፤ በሽንፈት መዝገብ ላይ ሁለቱ ምሽቶች አንድ ናቸው፤ ሰውዬው ግን አንድ አልነበረም።

እዚህ ላይ አንድ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ለወጣቱ ጊዜ ስጡት ማለት ወጣት ሁሉ ይሳካለታል ማለት አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1998 ዓ.ም. ፔይተን ማኒንግና ራየን ሊፍ የተባሉ ሁለት ኳርተርባኮች በተራ 1ኛና 2ኛ ሆነው ተመረጡ፤ ከምርጫው በፊት ማንኛው እንደሚበልጥ ብዙ ተከራክረውበት ነበር። ማኒንግ በመጀመሪያው ዓመት 28 ኳሶች ተጠለፉበት፤ ቡድኑ ኢንዲያናፖሊስም ከ16 ግጥሚያ 3ቱን ብቻ አሸነፈ። በተከታዩ ዓመት 13 አሸነፈ፤ ማኒንግም በጨዋታው ታሪክ ከታላላቆቹ አንዱ ለመሆን በቃ። የሊፍ ጅማሬ ከማኒንግም የከፋ ነበር፤ ከዚያም በኋላ አልተሻሻለም። በጠቅላላ ዘመኑ 14 ነጥብ የሚያስገኙ ኳሶችን ሲያደርስ 36 ተጠለፉበት፤ ብዙም ሳይቈይ ከጨዋታው ወጣ። ቡድኑ ሊያሰናብተው መወሰኑ ግፍ አልነበረም። ፍቅር እውነትን አትደብቅም፤ ለሥራው ያልሆነውን ሰው በሥራው ላይ ማቈየት ለእርሱም ለባልንጀሮቹም ደግነት አይሆንም።

በዚህ ረገድ ቅዱስ ቶማስ የሚረዳን ልዩነት ያሳያል። አጠራጣሪ የሆነውን የባልንጀራ ነገር በበጎ መተርጐም ይገባናል ይላል፤ ክፉውን ሰው በጎ ነው ብሎ ብዙ ጊዜ መሳሳት፣ በጎውን ክፉ ነው ብሎ ጥቂት ጊዜ ከመሳሳት ይሻላል፤ በኋለኛው ባልንጀራ ይበደላልና። ግን መድኃኒት ለማድረግ ስንነሣ የከፋውን አስቦ መዘጋጀት እንደሚጠቅም ይጨምራል። አሠልጣኙ «ይህ ልጅ ነገም ቢጨነቅ እግሩን ይስታል» ብሎ ቢያስብና ለዚያ ልምምድ ቢያወጣለት ሐኪም የሚያደርገውን አደረገ። ያንኑ ቃል ደጋፊው ሲናገረው ግን ከኋላው የሚከተል መድኃኒት የለም። ቃሉ አንድ ዓይነት ሆኖ ሳለ ሥራው የተለያየው ስለዚህ ነው።

ሊፍ ከጨዋታው ከወጣ በኋላ በሕመም ማስታገሻ መድኃኒት ሱስ ተይዞ እስከ መታሰር ደረሰ። ለዚህ ምክንያቱ የደጋፊዎች አፍ ነው አንልም፤ እንዲህ ብንል እኛም በቂ መሠረት ሳይኖረን የፈረድን እንሆናለን። ነገር ግን እ.ኤ.አ. በ2014 ዓ.ም. ከእስር ወጥቶ፣ ከሱስ ስለ መላቀቅ ለሌሎች የሚናገር ሰው ሆነ። በኳስ ሜዳ የተሰጠው ፍርድ ትክክል ነበር፤ ስለ ሰውዬው ግን የተናገረው እጅግ ጥቂቱን ነበር።

ለደጋፊዎችም የሚገባቸውን እንስጣቸው። እ.ኤ.አ. በኖቬምበር 2020 ዓ.ም. የጆሽ አለን አያት ዐረፉ። እርሱም በማግሥቱ ተሰልፎ ተጫወተ፤ ቡድኑም አሸነፈ። የቡድኑ ደጋፊዎች ኀዘኑን በሰሙ ጊዜ በመለያው ቍጥር ልክ አሥራ ሰባት አሥራ ሰባት ዶላር እያዋጡ በበፋሎ ከተማ ለሚገኘው የሕፃናት ሆስፒታል ላኩ፤ የተሰበሰበውም ከአንድ ሚልዮን ዶላር በላይ ሆነ። ከነዚህ ሰዎች መካከል ከጥቂት ወራት በፊት ከሂዩስተን ሽንፈት በኋላ የተራገሙ እንደማይታጡ መገመት አያስቸግርም። በሁለቱም ጊዜ ከልባቸው ነበሩ። በመካከል የተለወጠው፣ ይህ ቍጥር 17 አያት ያለው ልጅ መሆኑን ማወቃቸው ነው።

ቤተ ክርስቲያን በዚህ ጥያቄ ላይ ከፉትቦል እጅግ ቀድማ፣ በደም ዋጋ ተከራክራለች። ንጉሠ ነገሥት ዴክዮስ እ.ኤ.አ. በ250 ዓ.ም. ገደማ የመንግሥቱ ነዋሪ ሁሉ ለአማልክት እንዲሠዋና የምስክር ወረቀት እንዲቀበል ባዘዘ ጊዜ ብዙ ክርስቲያኖች ወደቁ። አንዳንዶቹ ሳይጠሩ ሮጠው ሠዉ፤ አንዳንዶቹ ሳይሠዉ ወረቀቱን በገንዘብ ገዙ፤ አንዳንዶቹም ረጅም ሥቃይ ከተቀበሉ በኋላ ሰውነታቸው አልችል ብሎ እጃቸውን ሰጡ። ስደቱ ጋብ ሲል ክርክሩ ተነሣ። በሮም ኖቫትያኖስ የተባለው ቄስ የወደቁትን ቤተ ክርስቲያን ዳግመኛ ልትቀበላቸው አይገባም አለ። በእርሱ ዘንድ የጭንቁ ሰዓት ሁሉን ገልጦ፣ ነገሩን ዘግቶታል።

የካርታጎ ጳጳስ ቅዱስ ቆጵርያኖስ ግን ሁሉንም በአንድ ሚዛን አልመዘነም። ሮጦ የሠዋውንና በሥቃይ የተሸነፈውን ለየ፤ ንስሐንም እንደየጥፋቱ ደነገገ፤ ለልቅሶና ለጊዜም ስፍራ ሰጠ። ስለ ወደቁት በጻፈው ድርሳን ካስቶስና ኤሚልዮስ የተባሉ ሁለት ሰዎችን ያነሣል። እነዚህ በመጀመሪያው ፈተና ተሸንፈው በሁለተኛው ድል የነሡ ናቸው፤ በእሳት ፊት ክደው፣ በኋላ በዚያው በእሳት ፊት ጸኑ። ከጥቂት ዓመታት በኋላ አዲስ ስደት በቀረበ ጊዜ ቆጵርያኖስና ከእርሱ ጋር የነበሩ ጳጳሳት በንስሐ ላይ የነበሩትን ሁሉ ወደ ቅዱስ ቍርባን መለሷቸው። ምክንያታቸውም እነዚህ ሰዎች ስለ ክርስቶስ ደማቸውን እንዲያፈሱ እየጠየቅናቸው የክርስቶስን ደም እንዴት እንከለክላቸዋለን የሚል ነበር። ያለፈውን ውድቀት አላቃለሉትም፤ ለሚመጣው ውጊያ ግን ስንቅ ሰጡ።

ቆጵርያኖስ ራሱም በዚህ ክርክር ውስጥ ያለ ነቀፋ አልነበረም። ሲሾም በእምነት ገና አዲስ ነበር፤ ከተጠመቀ ጥቂት ዓመት ቢሆነው ነው። የዴክዮስ ስደት በመጣ ጊዜ ከከተማው ወጥቶ ተሸሸገ፤ ከተሸሸገበትም ሆኖ በደብዳቤ መንጋውን መራ። የራሳቸው ጳጳስ ቅዱስ ፋብያኖስ በሰማዕትነት ያለፈባቸው የሮም ካህናት መንጋውን ጥሎ ስለሚሸሽ እረኛ የሚያስታውስ ደብዳቤ ጻፉ። ጽሑፉ ወዴት እንደሚያመለክት አልተሰወረም። በዚያን ቀን ፍርድ ቢዘጋ ኖሮ ስሙ በሸሹት ተራ ይጻፍ ነበር። እ.ኤ.አ. በ258 ዓ.ም. ሴፕቴምበር 14 ቀን፣ በንጉሠ ነገሥት ቫሌርያኖስ ዘመን፣ በራሱ ከተማ በመንጋው ፊት አንገቱን ለሰይፍ ሰጠ። ቅዱስ ጴጥሮስስ ቢሆን በሊቀ ካህናቱ ግቢ እሳት ሲሞቅ በአንዲት ገረድ ጥያቄ የተሸነፈው በዚያች ሌሊት ብቻ ቢለካ ምን ይባል ነበር?

የተወደዳችሁ የትምህርተ ክርስቶስ መምህራን፣ የእናንተ ነገር ከደጋፊው ነገር በአንድ መንገድ ይለያል። ሕፃናቱ ለመጀመሪያ ቍርባን የበቁ መሆን አለመሆናቸውን የመመዘን አደራ ተሰጥቷችኋል፤ ስለዚህ ፍርዳችሁ ያለ ሥልጣን የተሰጠ ፍርድ አይደለም። ፍርዱንም ከመሸሽ ይልቅ በሚገባ መስጠት ይጠበቅባችኋል። ደጋፊው የሌለው ሌላ ነገርም አላችሁ፤ መጠየቅ ትችላላችሁ። ቅዱስ ኢግናጢዮስ ዘሎዮላ በመንፈሳዊ ልምምዶቹ መጀመሪያ ላይ፣ ክርስቲያን የባልንጀራውን ቃል ከመኰነን ይልቅ በበጎ ለመረዳት ይፍጠን፣ ካልቻለም እንዴት እንዳሰበው ራሱን ባለቤቱን ይጠይቀው ይላል። ወጣቱን ኳርተርባክ «በዚያች ሰከንድ ምን አየህ?» ብሎ የሚጠይቅ ደጋፊ የለም፤ ልጁን ግን ከክፍል በኋላ ብቻውን ጠርቶ መጠየቅ የሚከለክል የለም።

ሁላችንም የምናውቀው ነገር አለ። ቄሱ፣ ወላጆችና ሌሎች ሕፃናት በተሰበሰቡበት አንዲት ልጅ ትጠየቃለች፤ ባለፈው ሳምንት አቀላጥፋ ያነበነበችው ከአፏ ይጠፋል፤ ዓይኗ መሬት ላይ ይተከላል። እናት በኀፍረት «ይህች እኮ ድሮም ፈዛዛ ናት» ትላለች። አባትም በዝምታው ይስማማል። ይህ ቃል በዚያ ቀን ይጣላል እንጂ በዚያ ቀን አያበቃም፤ ልጅቱ በሚቀጥለው ጊዜ ስትጠየቅ ከጥያቄው ጋር ይህንንም ስም ተሸክማ ትቆማለች፤ ጭንቁ በእጥፍ ይሆናል። ምናልባት ትምህርቱን ጨርሳ ታውቀዋለች፤ ያልለመደችው በሰው ፊት መናገርን ነው። ምናልባትም አላጠናችም፤ እንዲህ ከሆነ ማጥናት አለባት፤ ይህንንም ግልጽ አድርጎ መንገር ይገባል። ሁለቱን ለመለየት ለብቻዋ ሆና አንድ ጊዜ፣ በሁለት ጓደኞቿ ፊት ሌላ ጊዜ፣ ከዚያም በክፍሉ ፊት ማስለመድ ያስፈልጋል፤ ይህ ደግሞ ለመምህሩ ትርፍ ሰዓት ነው፤ ደመወዝም አይከፈልበትም።

በመዝገቡ ላይ ከስሟ አጠገብ ባለው ባዶ ቦታ «ያልበቃች» ብሎ መጻፍ ይቻላል፤ «በዕለቱ አልመለሰችም፤ እንደ ገና ትጠየቅ» ብሎ መጻፍም ይቻላል። መምህሩ ወደ ሌላ ቁምስና ሲዛወር በእርሱ ቦታ የሚመጣው ሰው ልጅቱን ከማየቱ በፊት የሚያነበው ያንን መስመር ነው።